ድምፃቸውን ያልዘጉት እኅት ሀረገወይን ሳህሉ

እኅት ሀረገወይን ከአባታቸው ከአቶ ሳህሉ ደምሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተዋበች ብሩ በሚያዝያ ወር 1948 ዓ.ም. በደብረ ዘይት ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በዚያው ከተማ ተከታትለው በ1967 ዓ.ም. አዲስ አበባ በስልክ አገናኝነት ሥራ ጀመሩ። ጌታን የተቀበሉትም በዚያው ዓመት ነው።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ቤተ ክርስቲያናቸው በደርግ ታሸገች። አማኞች በየቤቱ ተሸሽገው፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደው በሹክሹክታ ይጸልዩ ነበር። እኅት ሀረገወይን ግን ሹክሹክታ አልሆነላቸውም። ጎረቤት ጠቁሞባቸው ስምንት ወር ታሰሩ። ሲፈቱ ድምፃቸው ጨምሮ እንደወጣ አብረዋቸው የታሰሩት ይመሰክራሉ።

በ1974 ዓ.ም. ከአቶ ገረመው ክንዴ ጋር ትዳር መሥርተው አብኔርንና ቲቲን ወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1997 ከነቤተሰባቸው ኦክላንድ ገቡ፤ ኋላም ወደ ሳን ሆሴ ተዛወሩ። ፓሎ አልቶ በሚገኝ ሆስፒታል ወጥ ቤት ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጡ። አቶ ገረመው እ.ኤ.አ. በ2011 በሞት ተለዩዋቸው።

እኅት ሀረገወይንን ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው ግን እ.ኤ.አ. በ2007 በጀመሩት፣ ሁሉም በአንድ ቁጥር ደውሎ በሚገናኝበት የስልክ ጸሎት ነው። በየማለዳው የሌሊት ፈረቃ የጨረሰች ነርስ ከመኪና ማቆሚያ፣ ኡበር የሚነዳው ከኤርፖርት፣ ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራዋ ሳህን እያጠበች ወደ መስመሩ ይገባሉ። ልማዳችን ሁሉም በአንድ ላይ ጮክ ብሎ መጸለይ ነውና የሳህኑም፣ የባቡሩም፣ የሕፃኑም ድምፅ አብሮ ይገባ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2021 የቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ ይህ ጫጫታ ዘመኑን አይመጥንም አለ። በምትኩ ባሕር ማዶ በስቱዲዮ ተቀርጾ በሃያ ቋንቋ የሚሠራጭ ጸሎት እንዲተላለፍ፣ የደዋዩም ስልክ ሁሉ ድምፁ ተዘግቶ ሚዩት እንዲሆን ሐሳብ ቀረበ። ለማስረጃ የተጠቀሰው አንድ ወንድም ስልኩን ሳይዘጋ በጸሎት መካከል ከመኪና ሳይወርዱ ቡና የሚገዙበት ድራይቭ ስሩ ገብቶ ላርጅ ላቴ ማዘዙ፣ ትእዛዙን ከጸሎት ያልለዩትም ወገኖች በሙሉ ልብ «አሜን» ማለታቸው ነው።

ያ ወንድም የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ፣ የሟች ታናሽ ወንድም ክንፉ ሳህሉ ነው። የኮሚቴውም አባል ነበር። ከኀፍረቱ የተነሣ ሚዩት ይደረግ ብሎ እጁን አወጣ።

እኅት ሀረገወይን በስብሰባው ላይ የተናገሩት ይህን ብቻ ነው፦ «ደርግ ዝም በሉ ሲለን እሺ አላልነውም። እናንተ በምን ትበልጡታላችሁ?»

ዓለም አቀፍ ነገር ጠልተው አልነበረም። ከቤይሩት እስከዚሁ እስከ ኤል ሴሪቶ በአንድ ጊዜ ከሚያስጸልይ ሰው በላይ ዓለም አቀፍ ማን አለ? እምቢ ያሉት፣ የሳህን አጣቢዋ ጸሎት ቀርቶ የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ይሰማ ሲባል ነው። ሐሳቡ በድምፅ አለፈ፤ እሳቸውም ከአገልግሎት ታገዱ። በማግስቱ ማለዳ በሌላ ቁጥር መስመሩን ከፈቱ፤ አዲሱን ቁጥርም በመጀመሪያ ቴክስት ያደረጉት ለክንፉ ነበር። ክንፉ አልደወለም።

ይህ ክፍል ከቀብሩ ፕሮግራም እንዲወጣ በትሕትና ተጠይቀን ነበር። አላወጣነውም።

እኅት ሀረገወይን በሳንባ ሕመም ሁለት ዓመት ታመሙ። በመጨረሻው ወር ከድምፃቸው ይልቅ የኦክስጅኑ መሣሪያ ይሰማ ነበር። ልጃቸው ቲቲ «እማ፣ ሚዩት ላድርግልሽ?» ብላ ብትጠይቃቸው እጇን ያዙባት። ኦክቶበር 14 ቀን 2025 በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ወደ ጌታ ሄዱ። ሁለት ልጆች፣ ሦስት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተዋል።

ያ ወንድም ወደዚያ ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ የደወለው ባረፉ ማግስት ነው። ከሁለት መቶ ሰው በላይ እያለቀሰ ይጸልይ ነበር። ማን ገባ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ያን ቀን ያወጣሁት እጅ ስሕተት ነበር፤ እሷ ሳትሰማኝ በመቅረቷ ይቆጨኛል፤ እናንተ ግን ስሙኝ።

ነፍሳቸውን በደስታ የተቀበለ ጌታ የቀረነውንም ያጽናን። «አሜን» የምትሉ ጮክ ብላችሁ በሉ።