ባለቤቴ ኮምፒዩተሩን በአካል ቀርባ እንድታስረክብ ስለ መጠራቷ

ሰኔ 4 ቀን 2001 ዓ.ም.
ቦንጋ

ለክቡር የንብረት አስተዳደር የሥራ ሂደት ባለቤት
(የመሥሪያ ቤቱን ስም ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም፤ ደብዳቤውን የምለጥፈው በራሳችሁ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለሆነ ነው።)

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ወንበርዎ እንደምን ሰንብታችኋል እያልኩ፣ ጤናና ረጅም የሥራ ዘመን ከልብ እመኝልዎታለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለቤቴ ወይዘሮ ዝማሬ ደጉ ግን አምና ሐምሌ 11 ቀን ስላረፈች፣ ግንቦት 26 ቀን በስሟ ለጻፋችሁላት ደብዳቤ በራሷ እጅ መልስ ለመስጠት አልተመቻትም። በእርሷ ፈንታ ይህን የምጽፈው እኔ መምህር ወልደሥላሴ ዓለሙ ነኝ።

ደብዳቤያችሁ እንደሚያስረዳው፣ በጸሐፊነት ዘጠኝ ዓመት ያገለገለቻችሁ ዝማሬ፣ በስሟ የተመዘገበውንና አንድ ቀን ተነሥቶ ሁለት ቀን የሚተኛውን ኮምፒዩተር በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ በአካል ቀርባ እንድታስረክብ፣ ለምን እንደሚያስቸግርም እንድታስረዳ፣ ይህ ካልሆነ ግን ክሊራንስ እንደማይሰጣት ያሳስባል። «በአካል» የሚለውን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት። ከእናንተ በቀር እስካሁን በአካል የጠራት የለምና፣ ስለዚህ ክብር በቤተሰባችን ስም አመሰግናለሁ።

ይሁን እንጂ ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

1ኛ. «ንብረት ያላስረከቡ» በሚለው ዝርዝራችሁ ውስጥ ስሟ በሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ እነሆ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። ስምንተኛ ክፍል የምትማረው ልጃችን ሰሎሜ ወደ ትምህርት ቤት የምትሄደው ሰሌዳው ባለበት በራችሁ በኩል ነበር፤ አሁን በገበያው በኩል፣ ጭቃውን እየረገጠች፣ ዞራ ትሄዳለች። ለምን ብላት፣ ጓደኛዋ «እናትሽ ምን ሰርቃ ነው?» ብላ እንደጠየቀቻት ነገረችኝ። ቤተ ክርስቲያን ዝማሬን በአንድ ቀን ፈትታ ሸኝታታለች፤ እናንተ ግን ዓመት ሊሞላት አንድ ወር ያህል ሲቀር አሁንም አልፈታችኋትም። የጥንቃቄያችሁን ጥልቀት ከዚህ ተረድቻለሁ።

2ኛ. ኮምፒዩተሩ ማንም ሳይነካው በራሱ ተነሥቶ ያለቅሳል የሚለው ወሬ ከግቢያችሁ ወጥቶ ከተማውን አዳርሷል። ጥበቃችሁ ጋሽ ጥሩሰው፣ ቢሮው በተዘጋበት እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰምተው እጄን ይዘው፣ «መምህር፣ እትዬ ዝማሬ ናቸው፤ አላረፉም» አሉኝ። በእርሷ ቦታ የተመደበችው ወይዘሪት አልጋነሽ ጠበል በጠርሙስ አምጥታ ከላዩ አስቀምጣለች፤ አልፈርድባትም። በግምገማችሁ ላይ ግን «ሟች ንብረቱን ሳታስረክብ ስለሄደች ነው» የሚል አስተያየት ተነሥቶ በቃለ ጉባኤ ተይዟል መባሉን ሰምቻለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚገመገመው በሕይወት ያለ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ።

3ኛ. ኮምፒዩተሩ ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ስለታሸገ፣ እሱን ለመክፈት ሦስት የኮሚቴ አባላት መፈረም አለባቸው። አንደኛው ወደ ሺሺንዳ ተዛውሯል፣ ሁለተኛው ሥልጠና ላይ ነው፣ ሦስተኛው ብቻዬን አልፈርምም ብሏል። ሆኖም እጃችሁን አጣጥፋችሁ አልተቀመጣችሁም፦ ጠረጴዛውን ቀይራችኋል፣ ዳንቴሉን አሳጥባችኋል፣ ፊቱን ወደ መስኮት አዙራችኋል፣ ሁለት ሪፖርትም ጽፋችኋል። ከመክፈት በቀር ያላደረጋችሁት ነገር የለም።

4ኛው ቅሬታ በእኔ ላይ ነው። ባለፈው እሑድ ቢሯችሁ ገብቻለሁ። ማን እንዳስገባኝ አልናገርም፤ በሩ ክፍት ነበር ብላችሁ መዝግቡልኝ።

የሒሳብ መምህር ብሆንም የትምህርት ቤታችንን ሦስት ኮምፒዩተሮች የምጠግነው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የሞተ ሰው ማሽን ውስጥ ገብቶ እንደማያለቅስ አውቃለሁ። ይህን እያወቅሁ ግን ከዚያ በፊት ሁለት እሑድ በአጥራችሁ ሥር ቆሜ ድምፁን ጠብቄአለሁ። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። መብራቱ ሲመጣ ኮምፒዩተሩ በራሱ ተነሣና ረዘም ያለ ድምፅ አሰማ፤ ዝም አለ፤ ደግሞ አሰማ። «ዝማሬ» ብዬ ተጣራሁ። ክቡር ሆይ፣ አላፍርበትም፤ ናፍቃኛለች።

ከዚያ ገመዱን ነቅዬ ማሸጊያውን ልልጥ ስል፣ ከእኔ በፊት ብዙ ጊዜ ተልጦ፣ ብዙ ጊዜም በጥንቃቄ በሙጫ ተመልሶ እንደተለጠፈ አየሁ። ጎኑን ስከፍተው ከሽቦዎቹ ሥር ባቄላ የምታክል የላጲስ ቁራጭ ወድቃ አገኘሁ። ዝማሬ በየወሩ መጨረሻ ላጲስ ትጠይቀኝ ነበር። «የኮምፒዩተር ስሕተትም በላጲስ ይጠፋል እንዴ?» እያልኩ አሾፍባት ነበር፤ እሷም ስቃ ትወስዳለች።

ነገሩ ይህ ነው፦ ዝናቡ በማያባራበት አገራችን ሚሞሪ የሚባለው ትንሽ ሰሌዳ እርጥበት እየጠጣ ጥርሶቹ ይደበዝዛሉ። አንዳንድ ቀን ይይዛል፣ አንዳንድ ቀን አይዝም፤ ሳይዝ ሲቀር ማሽኑ የሚጮኸው ይህንኑ ለመናገር ነው። በራሱ የሚነሣውም መብራት ሲመጣ እንዲነሣ ተደርጎ ስለተሠራ ነው። ዝማሬ ሰሌዳውን አውጥታ፣ ጥርሶቹን በላጲስ ጠርጋ፣ መልሳ ትሰካውና ማሸጊያውን ትለጥፈው ነበር። ኮሚቴ አልጠበቀችም፣ ለማንም አልተናገረችም፤ እናንተም ይህን ሁሉ ዓመት «ይህ ኮምፒዩተር ጠንካራ ነው» ስትሉ ኖራችኋል። እኔም በዚያችው ላጲስ ያንኑ አደረግሁ። ከሰኞ ጀምሮ በየማለዳው ይነሣል። ማልቀሱንም ትቷል። ለእናንተ እፎይታ ነው፤ እኔ ግን ከእርሷ የቀረችኝን አንዲት ድምፅ በገዛ እጄ ዝም አሰኝቻለሁ።

እንግዲህ ሟች እንድትሰጥ የታዘዘችው ማብራሪያ ከላይ የተጻፈው ነው፤ ኮምፒዩተሩም በቦታው ይገኛል። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሙት ዓመቷ ሐምሌ 11 ከመድረሱ በፊት ስሟ ከሰሌዳው ይነሣልኝ፣ ክሊራንሷም ይጻፍላት፤ ሰሎሜ በቀጥተኛው መንገድ ትመላለስ። ላጲሷ በመዝገባችሁ ስለሌለች አላስረክባትም።

ለመሥሪያ ቤታችሁ ንቃት፣ በተለይም ሙታንን ላለመርሳቱ፣ ያለኝን አድናቆት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ እስክጠራ ድረስ አክባሪዎ ነኝ፤ ከተጠራሁም በኋላ ብትጽፉልኝ አይደንቀኝም።

መምህር ወልደሥላሴ ዓለሙ
የወይዘሮ ዝማሬ ደጉ ባል

ግልባጭ፦
— ለልጄ ለሰሎሜ
— ወደ ሺሺንዳ ለተዛወሩት የኮሚቴ አባል

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤያችሁ «ለራሷ በእጅ ይሰጥ» ስለሚል፣ በደረሰኝ ማግሥት ወስጄ መቃብሯ ላይ ድንጋይ ጭኜ አስቀምጬላታለሁ። ተመልሼ ሳየው ዝናቡ ጽሑፉን አጥቦ ማኅተሙን ብቻ ትቶ ነበር። የሰጣችኋት ሦስት የሥራ ቀናት ሰኞ አልቀዋል። ምናልባት ዘግይታም ቢሆን ለርክክቡ በአካል ከቀረበች፣ ከመፈራረማችሁ በፊት እባክዎ ሰው ይላኩብኝ። ትምህርት ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ ሮጬ እደርሳለሁ።