ይግባኝ ባዩ ደህና ናቸው

ጥር 14
ሱቅ ዋልኩ። ገበያው ቀዝቀዝ ያለ ነው። ከሰዓት በኋላ ማረሚያ ቤት ሄጄ አባባን ጠየቅኳቸው። የአገር ቤት ጎረቤታችንን ወርቁን በድንበር ጠብ በዱላ መትተው፣ ክንዱን ሰብረው ሁለት ዓመት ተፈርዶባቸዋል። የልብ ድካም አለባቸው፤ እግራቸው አብጧል። "እንዴት ነዎት?" ስላቸው "ምን እሆናለሁ" ብለው እግራቸውን አግዳሚው ስር ደበቁ። ሁለት ዓመት ይችሉታል? ፈራሁ።

ጥር 21
ጠበቃችን ሰላማዊት ይግባኝ አስገባች። በጤናቸው ምክንያት ቅጣቱ በገደብ ይሁንልን የሚል ነው፤ የሐኪም ማስረጃም አያይዛለች። አባባን ደጋግማ መከረቻቸው። "ዳኛው ሲጠይቁዎት ሕመምዎን እንዳይደብቁ።" "እሺ ልጄ" አሉ። ቶሎ እሺ ማለታቸው ነው ያሰጋኝ…

የካቲት 5
እየሳቅኩ ነው የምጽፈው። አባባ ጺማቸውን ተላጭተው፣ ደረታቸውን ነፍተው ችሎት ቀረቡ። ዳኛው ጤናቸውን ጠየቋቸው።
"እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።"
ሰላማዊት ዓይኗን ጨፈነች።
"መንገድስ ይሄዳሉ?"
"ገሳይ ከተማ ድረስ። የግማሽ ቀን መንገድ፣ በእግሬ።"
በቃ፣ አለቀልን አልኩ። ያኔ ከኋላ አንድ ሰው ተነሣ። ወርቁ ነው! ሽማግሌ ካስታረቃቸው ቆይቷል፤ ግን ማን ጠራው?
"ክቡር ፍርድ ቤት፣ አያ ጥላዬ ይዋሻሉ። ከቤታቸው እኔ ደጅ እስኪደርሱ ሦስቴ ያርፋሉ። ያን ዕለትም እኔን መትተው የወደቁት እሳቸው ናቸው። በደህናው እጄ ደግፌ ቤታቸው ያደረስኳቸው እኔ ነኝ።"
አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ዳኛው "ሳይፈቀድልህ አትናገር፣ ተቀመጥ" አሉት፤ እሳቸውም ግን ፈገግ ብለዋል። አባባ በንዴት ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ… ትንፋሽ አጠራቸው። ወንበር መጣላቸው። ዳኛው የሐኪሙን ማስረጃ እንደገና አነበቡ።

የካቲት 12
ተፈቱ! ቀሪው ቅጣት በገደብ ሆነ። የሕክምና ክትትላቸውን እንዳያቋርጡ ታዘዋል። ወርቁ ከእኔ በላይ ጨፈረ። አባባ እስካሁን አኩርፈውታል።

መጋቢት 3
አባባ እኔ ዘንድ ናቸው፣ ደብረ ታቦር። ዛሬ ከሆስፒታል ስንመለስ "ባጃጅ ልያዝ?" አልኳቸው። "ለዚች?" አሉ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቆሙ። እኔም ቆምኩ። መንገደኛው እያየን ያልፋል። ቆይተው እጃቸውን ዘረጉልኝ።
"ደከመኝ ልጄ። ያዥኝ።"
ከተወለድኩ ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም። ያዝኳቸው። አባት ደከመኝ ሲል ደስ ይላል? እኔን ግን ደስ አለኝ።