በአርባ ዘጠነኛው ባር ላይ ስለተተከለብን ክሌፍ

ለኖታ መጻፊያው ሶፍትዌር ድርጅት
ለደንበኞች አገልግሎት ክቡር ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንም፣ መላ ቤተሰብዎንም፣ በሥርዎ ያሉትን ትጉሃን ሠራተኞችም በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። የሶፍትዌሩን ጤንነት ግን አልጠይቅም፤ የእሱን ሁኔታ ከእርስዎ ይልቅ እኔ በቅርብ እየተከታተልኩት ነው።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር በግልጽ መታወቅ አለበት። ባሪቶን ሳክስፎን የሚነፋ ሰው ወረቀቱ ላይ የሚያየው ኖታ እና ከመሣሪያው የሚወጣው ድምፅ አንድ አይደሉም፤ ድምፁ ከተጻፈው በጣም ዝቅ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ የዚህ ሰው ዜማ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። በባንዱ መሪ ኖታ ላይ በእውነተኛው ድምፁ፣ ማለትም ለወፍራም ድምፆች በተሠራው በቤዝ ክሌፍ ይሰፍራል። በነፊው ወረቀት ላይ ደግሞ ለቀጭን ድምፆች በተሠራውና ሳክስፎን ነፊዎች ሁሉ በሚማሩት በትሬብል ክሌፍ ይሰፍራል። ክሌፍ ማለት በአምስቱ መስመሮች መነሻ ላይ የሚቀመጥና እያንዳንዱ መስመር የትኛው ድምፅ እንደሆነ የሚነግረን ምልክት ነው። እሱ ሲለወጥ መስመሮቹ በሙሉ ስማቸው ይለወጣል። ይህን ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች በአንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ጨርሻለሁና፣ ለድርጅትዎም ከዚህ የበለጠ ጊዜ እንደማይወስድበት እተማመናለሁ።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ሶፍትዌሩ ሳንጠይቀው ራሱን ስላሻሻለልን እናመሰግናለን። በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ለሚለማመደው ትንሽ ባንዳችን አንድ ሙዚቃ አዘጋጅቼ፣ የእያንዳንዱን ሰው ወረቀት መርምሬ ካጸደቅሁ በኋላ ነበር ማሻሻያው የመጣው። በሙዚቃው ውስጥ ባሪቶን ሳክስፎኑ ለጥቂት ባሮች፣ ማለትም ኖታው በቋሚ መስመር ለሚከፋፈልባቸው ጥቂት ክፍሎች፣ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ መሪው በቀላሉ እንዲያነበው ብዬ በእሱ ኖታ ላይ ብቻ አርባ አንደኛው ባር ላይ ትሬብል ክሌፍ አስገብቼ፣ አርባ ዘጠነኛው ላይ ወደ ቤዝ ክሌፍ መልሼዋለሁ። የቀድሞው ሶፍትዌር ይህ የመሪው ጉዳይ መሆኑን ተረድቶ የነፊውን ወረቀት ሳይነካ አልፎት ነበር። የተሻሻለው ግን ከእኔ ይልቅ አሰበልኝና፣ አርባ ዘጠነኛው ባር ላይ ያንኑ ቤዝ ክሌፍ በነፊውም ወረቀት ላይ ተከለው። ኖታዎቹም አዲሱን ክሌፍ ለማክበር ሲሉ አምስቱን መስመሮች ለቅቀው፣ በትንንሽ መስመሮች ላይ እየተንጠላጠሉ ወደ ገጹ አናት ወጡ።

ሁለተኛ፣ ቦታውን ስለመረጣችሁልን እናመሰግናለን። ከአርባ ዘጠነኛው ባር ጀምሮ የተቀረው ባንድ ዝም ይላል፤ ባሪቶን ሳክስፎኑ ብቻውን ይቀራል።

ብቻውን የሚቀረውን ሰው ላስተዋውቅዎ። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዳ፣ ጡረታ ሲወጣ ደግሞ ከባንዱ ሳክስፎኖች ትልቁን መርጦ የተሸከመ ሰው ነው፤ ስለዚህ ሁላችንም «ከባዱ» እንለዋለን። ኖታ ማንበብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ባለቤቱ ቤት ውስጥ ስለማትፈቅድለት፣ «እዚያው ከጎማዎችህ ጋር ንፋ» እየተባለ የሚለማመደው ጋራዥ ውስጥ በር ዘግቶ ነው። እሷም ከበር ማዶ ካልሆነ በስተቀር ሰምታው አታውቅም። የፊታችን ቅዳሜ ባንዱ በከተማው አዲስ አዳራሽ ሲጫወት ግን ከፊት ረድፍ ቦታ ይያዝልኝ ብላ ነበር።

የባንዱ መሪ የከባዱን ዓይን አስቦ፣ በልምምዱ ዕለት ለእሱ ብቻ ከተሻሻለው ሶፍትዌር ጎላ ያለ አዲስ ቅጂ አተመለት። ከባዱም አርባ ዘጠነኛው ባር ሲደርስ የታተመለትን ለመንፋት ሞከረ። ወረቀቱ በሚያውቀው ክሌፍ ሲነበብ፣ ሳክስፎኑ በምንም ተአምር የማይደርስበትን ከፍታ ይጠይቀው ነበር። የወጣው ድምፅ የዛገ የብረት በር ሲከፈት የሚሰማው ዓይነት ነበር። ጥሩምባ ነፊያችን «ከባዱ፣ ኧረ ፍሬን ዘይት ጨምርበት!» አለ፤ ሳቅን። ከባዱ ይቅርታ ጠይቆ እንደገና ሞከረ። በሁለተኛው የሳቀ ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ሳክስፎኑን ጭኑ ላይ አጋድሞ ወረቀቱን ብቻ ይመለከት ጀመር፤ ላብ ከግንባሩ ወደ መነጽሩ ይወርድ ነበር። ወረቀቱን አጠገቡ ሄጄ እስካየው ድረስ እኔም ምን እንደነካው አላወቅሁም።

ሦስተኛ፣ ስለ ፈጣን መልሳችሁ እናመሰግናለን። የሆነውን በዝርዝር ጽፌላችሁ፣ መልሱ ሻይ ሳይቀዘቅዝብኝ ደረሰ። እንዲህ ይላል፦ «ኖታዎቹ ድምፃቸው ትክክል ነው። ችግሩ የተጠቃሚው ነው። ነፊው ክሌፎችን ማንበብ እንዲለማመድ እንመክራለን።» ክቡር ኃላፊ፣ በማስተማር ዘመኔ ጥያቄውን ሳያነብ የሚመልስ ተማሪ ብዙ አጋጥሞኛል፤ እንዲህ ባለ ትሕትና የሚሳሳት ግን አላጋጠመኝም። ድምፃቸው ትክክል መሆኑን አልካድኩም፤ አስልቼ አረጋግጫለሁ። አንድን ሾፌር በማያነበው ፊደል በተጻፈ የመንገድ ምልክት አሰማርቶ፣ ገደል ሲገባ «ምልክቱ እኮ ስሕተት የለበትም» ብሎ መናገርም እንዲሁ ትክክል ነው።

አራተኛውን ምስጋና የማቀርበው ግን እጄ እየከበደኝ ነው። መልሳችሁ የደረሰው በባንዱ የጋራ ኢሜይል ስለሆነ፣ ከእኔ ቀድሞ ከባዱ አነበበው። በማግስቱ ሳክስፎኑን ወልውሎ፣ ሣጥኑ ውስጥ አስተኝቶ፣ ከነማንጠልጠያው ወደ ባንዱ ቁም ሣጥን መለሰ፤ ቁልፉንም ለመሪው አስረከበ። ለባለቤቱ የተያዘውን ወንበር ለሌላ ሰው ስጡት አለ።

ቤቱ ድረስ ሄጄ ወረቀቱን ዘርግቼ አስረዳሁት። የተተከለውን ክሌፍ በጣቴ አሳየሁት። ትክክለኛውን ቅጂም በእጄ ጽፌ ሰጠሁት። አገላብጦ አየውና «ቲቸር፣ አይሸንግሉኝ» አለኝ፤ «ለሽማግሌ የሚሆን የቀለለ ጻፉልኝ አይደል?» ያው የነበረው ነው፣ አንድም ኖታ አልቀነስኩም ብዬ ብምልለት አልሰማኝም። «እርስዎ ያዝኑልኛል» አለ፤ «እነዚያ ሰዎች ግን አያውቁኝም። የማያውቀኝ ሰው ምን አግኝቶ ይዋሽብኛል?» ባለቤቱ ከጓዳ ብቅ ብላ «እንግዲህ ሰውዬው ዝም አለ፤ ጋራዡም ዝም አለ፤ እኔ ምን ልስማ?» አለችኝ፤ ቀልድ ይመስል ነበር፣ ድምፅዋ ግን የቀልድ አልነበረም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ያለንበት ይህ ነው። ከእሱ ሌላ ያንን መሣሪያ የሚነፋ ሰው የለንም። መሪያችን ደግ ሰው ቢሆንም ባዶ ወንበር ይዞ አዳራሽ አይገባም፤ ከባዱ ሐሙስ ልምምድ ላይ ካልተገኘ ሙዚቃውን ከዝግጅቱ እንደሚያወጣው ነግሮኛል። ሙዚቃው ቢወጣ እኔ ሌላ እጽፋለሁ። ከባዱ ግን ማንበብ አልችልም ብሎ አምኖ ከቀረ፣ መልሼ የማስተምርበት መንገድ አላውቅም፤ ምክንያቱም የሚያውቀውን ነው አላውቅም የሚለው።

ስለዚህ ካሳ አልጠይቅም፤ የሶፍትዌሩን ጥገና እንኳ በትዕግሥት እጠብቃለሁ፤ እስከዚያው እርሳስ አለኝ። የምለምንዎ ከባዱ የሚያምነው ሰው እንዲሆኑለት ነው፤ ለዚህም ከእርስዎ የተሻለ አይገኝም፤ ፈጽሞ አያውቁትምና። በድርጅትዎ ስም፣ ክሌፉን የተከለው ሶፍትዌሩ መሆኑን፣ ከባዱም በተማረው ክሌፍ ያነበበው በትክክል መሆኑን ይጻፉለት።

ብዙ ደብተር አርማ፣ የእናንተንም ማረም ያልታከታት፣

አክባሪዎ፣
ጡረታ የወጣች የሙዚቃ መምህርት

ማስታወሻ፦ የላካችሁልኝን መልስ ከልማድ የተነሣ በቀይ እስክሪብቶ አርሜዋለሁ። ለፍጥነት ሙሉ ነጥብ፣ ለጨዋነት ሙሉ ነጥብ ሰጥቻለሁ፤ ከግርጌው ግን «ጥያቄውን አንብበህ እንደገና ሥራ» ብዬ ጽፌበታለሁ። የድጋሚ ፈተናው ከአንድ መስመር አይበልጥም፤ መልሱንም ከላይ ነግሬዎታለሁ፤ ይህን ለማንም ተማሪ አድርጌ አላውቅም። ከባዱ የባንዱን ኢሜይል በየጠዋቱ ይከፍታል። እባክዎ ከሐሙስ በፊት ይመልሱለት።