ወደ ውስጥ ስለሚከፈተው በር

ለጤና ጣቢያችን የተከበሩ ኃላፊ፣
አዳማ

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ እንደምን ከርመዋል? አከም ጅርቱ? ጉልበትዎ ይጽና፣ ወገብዎ አይጉበጥ፣ መጸዳጃ ቤት በገቡ ቁጥርም በሩ ይዘጋልዎ።

እኔ አናጢ መርዳሳ ወዬሳ እባላለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ግድፈት ቢያገኙ ይለፉኝ። ሜትር ግን አነባለሁ። በዚህች ከተማ አርባ ዓመት በርና መስኮት ገጥሜአለሁ፤ ሰው አስገብቶ አልዘጋም ያለ በር ከእጄ አልወጣም።

ልጄ ሶረቲ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትሄደው፤ በየወሩ ለክትትል እናንተ ዘንድ አመጣታለሁ። እናቷ ዘርፉ በሕይወት ሳለች ወደ ሴቶቹ መጸዳጃ ይዛት ትገባ ነበር። ዘርፉ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። እኔ ወደ ሴቶቹ እንዳልገባ ነውር ነው፣ እሷን ወደ ወንዶቹ እንዳልወስድ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ናት። ስለዚህ እርስዎ አንድ ሰው ለብቻው የሚጠቀምበት፣ አባትም ልጁን ደግፎ የሚያስቀምጥበት የአካል ጉዳተኞች መጸዳጃ አሠርተው ሪባን የተቆረጠ ቀን፣ እጄ እስኪቀላ አጨብጭቤአለሁ። አሁን ደግሞ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፦ ቤቱ እንዳይቆሽሽ ስላስቆለፉት አመሰግናለሁ። በየቤታችን ለእንግዳ ተብሎ ቡፌ ውስጥ የሚቀመጥ ብርጭቆ አለ፤ ለእንግዳ የሚቀመጥ ሽንት ቤት ግን ያየሁት በእርስዎ ዘመን ነው። ቁልፍ የያዘችው የጽዳት ሠራተኛ ሑስና ጥፋት የለባትም፤ ተቆጣጣሪ እስኪመጣ ማንም አይግባበት ተብላለች። አዝናልኝ የምትከፍተው ግራ ቀኝ እያየች ነው።

2ኛ፦ ለተሽከርካሪ ወንበር በተሠራው መወጣጫ ላይ ስላስደረደሯቸው የአበባ ማሰሮዎች አመሰግናለሁ። እያነሳሁ አሳልፋታለሁ፣ እየመለስኩ እደረድራለሁ። በሰባ አንድ ዓመቴ ስፖርት አላጣሁም።

3ኛ፦ በሩ። ክቡር ሆይ፣ በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው። ወንበሩ ከገባ በሩ አይዘጋም፣ በሩ ከተዘጋ ወንበሩ ውጭ ቀርቷል ማለት ነው። ማጠፊያውን ነቅዬ ወደ ውጭ እንዲከፈት ላድርገው፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ የእጄንም አልጠይቅ ብዬ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ደጅ ጠናሁ። ርክክብ የተፈጸመበትን ሕንፃ ግለሰብ አይነካውም ተባልኩ።

እንግዲህ በሩ እኔ ሆንኩ። ጋቢዬን በሁለት እጄ ዘርግቼ፣ ጀርባዬን ለልጄ፣ ፊቴን ተራ ለሚጠብቀው ሕዝብ ሰጥቼ እቆማለሁ። የአዳማን ነፋስ ደግሞ ያውቁታል፣ ሽማግሌ አያከብርም። ባለፈው ወር የጋቢዬን አንድ ጫፍ ከእጄ ነጠቀኝ። ሰዉ ሳቀ ብዬ አላማም፤ ሁሉም ዝም አለ። ቢስቁ ይሻል ነበር።

 ቤት ስንደርስ ሶረቲ ከእንግዲህ ክትትል እንደማትሄድ ነገረችኝ፣ ከዚህ ወር ቀጠሮም ቀረች። መድኃኒቷ ለስድስት ቀን ነው የቀረው። እሷን ሳያዩ መድኃኒት አይሰጡኝም፣ እሷን ተሸክሜ በግድ ላመጣት አልችልም፣ በሩን አስተካክዬ ነይ ልላት አልተፈቀደልኝም። መዶሻዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ።

ለጊዜዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከወንበሬ ተነስቼ እጅ እየነሳሁ፣
በርክክቡ ያልተቆጠረው በርዎ፣
አናጢ መርዳሳ ወዬሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስሟን ልተወው ወይ ብዬ ሶረቲን ጠይቄአት ነበር። «ጻፈው አባዬ፣ ያላዩኝ እኮ እሳቸው ብቻ ናቸው» አለችኝ።