ከአባታችን የወረስነው ሕመም

ለውድ ወንድሜ ለይርዳው፣

እንደምን ከርመሃል? ሠርካለምስ እንዴት ናት? ልጆቹስ አደጉ? የሐዋሳው አየር እንደተስማማችሁ ነው ወይ? እኛ ከነድካማችን፣ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን። ፎገራ ውሃ አቁሯል፤ ሩዙም አምሯል።

ደስ የሚለውን ላስቀድም፤ የሕመሜ ስም ተገኘ። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቴ እንደ ቅል ድቡልቡል ብሎ፣ ሆዴ ተቆዝሮ፣ እግርና እጄ ግን ቀጥኖ ሳለ ሰው ሁሉ «ተመችቷታል» ይል ነበር። እኔ ለሩዝ አረም ቁጢጥ ካልሁ ያለ ደጋፊ አልነሳም። ትንሽ የነካኝ ቦታ ይበልዛል፤ ደም ግፊቱም አልወርድ አለ። ወንዛዬ ፍል ውሃ ሰባት ቀን ተዘፍዝፌ፣ ይብሱን ደክሞኝ ተመለስሁ።

ኃጢአቴንም ልንገርህ። ጎረቤታችን ሸክላ ሠሪዋ ካሳነሽ አንድ ቀን ገበያ ላይ «እሰይ፣ ወፈር አልሽ» ብላኝ ነበርና፣ በዓይኗ የበላችኝ እሷ ናት ብዬ በማኅበር ላይ ስሟን አነሳሁ። ከዚያ ወዲያ ድስቷን የሚገዛ ጠፋ። ይፋግ ገበያ ድረስ የወሰደችውን ሸክላ መልሳ ተሸክማው ትገባ ነበር።

በኋላ ባለቤቴ ደጉ ባሕር ዳር ወሰደኝ። ሐኪሙ በሲቲ ስካን አይቶ፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ሁለቱ አድሬናል ዕጢዎቼ እንዳበጡና ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያለ ልክ እንደሚያመነጩ ነገረኝ። ቀጥሎ አባትሽ በምን ሞቱ አለኝ። ፊታቸው እንደኔው ነበር፣ አጥንታቸው በትንሽ ነገር ይሰበር ነበር፣ በመጨረሻም በደም ግፊት ወደቁ አልሁት። እስክሪብቶውን አስቀመጠና «በሁለቱም በኩል ሲያብጥ ከዘር ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ ደግሞ ከልጆቹ ግማሹ ሊወርሰው ይችላል። በልጅነት አይታወቅም፤ የሚገለጠው ብዙውን ጊዜ ከአርባ ወዲያ ነው» አለ። አብልጦ ያበጠውን አወጡልኝ፤ ሦስት ወር ሆነኝ። ድካሙ ገና አልለቀቀኝም፤ ግን ብቻዬን እነሳለሁ።

እግሬ እንደጸና ድንጋይ ተሸክሜ ካሳነሽ ደጅ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድሁ። «አውርጂው፣ ሐኪሙ ከባድ አታንሺ ብሎሽ የለ» ብላ ሳቀችብኝ። ደግሞ ኮስተር ብላ «ስሜን ባነሳሽበት ማኅበር መልሺው» አለች። መለስሁት። ግማሹ አመነ፣ ግማሹ አላመነም። ድስቷ አሁንም እንደ ድሮው አይሸጥም፤ ከሕመሙ ይልቅ እሱ ያደክመኛል።

ይርዳው፣ ለፋሲካ የላክኸውን ፎቶ ያየ ሁሉ «ፊቱ ሞልቷል፣ ሐዋሳ ተስማማው» እያለ ተደሰተ። ካሳነሽ ብቻ አይታ ዝም አለች፤ እንዳትናገር ያደረግኋት እኔ ነኝ። አርባ ሦስት ሞልቶሃል። ነገ ዛሬ ሳትል ሐኪም ዘንድ ሂድና የአባታችንንም የእኔንም ንገረው። ምርመራው ማታ አንዲት ክኒን ውጦ ጠዋት ደም መስጠት ነው አሉኝ። ቶሎ ከተደረሰበት የእኔን ያህል አትለፋም። ብቻህን ከፈራህ እመጣለሁ፤ አውቶቡሱን እችለዋለሁ።

ሠርካለምን ሳምልኝ። ልጆቹን፣ መባንና ወገኔን፣ ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ደጉን በብርቱ ናፍቀኸዋል። እናታችን እማማ አምሳል ይስሙሃል፤ ስለ ምርመራው ምንም አልነገርኋቸውም። ውጤቱ ሲመጣ፣ ክፉም ቢሆን ደግ፣ መጀመሪያ ለእኔ ደውል።

እኅትህ ፍሬህይወት
ወረታ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.