ኖሊን ያልሰማቻቸው እንቁራሪቶች

ውድ ዶት፣

እንደምን ከርመሻል? ገበሬው ሜርቪን ዘንድ ነኝ። የእኛ መሬት ተሰነጣጥቆ ሳለ እዚህ ሣሩ ጉልበቴን ይነካል። ሜርቪን ማረስ ከተወ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከብቶቹን ከቦታ ቦታ እያዘዋወረ ያሰማራል፣ ጅረቱንም በድንጋይ ከትሮታል። ትናንት ጅረቱ ዳር ቆመን እንቁራሪቶች ሲጮኹ ሰማን።

«ሚስቴ ኖሊን ሃያ ዓመት ለመነችኝ» አለኝ። «‹መሬቱን አሳርፈው› ስትለኝ እስቅባት ነበር። የሰማኋት ከቀበርኳት በኋላ ነው፤ ምን ይረባል?»

አንቺም መሬቱን እንዳሳርፍ ነግረሽኝ «ከመጽሐፍ የለቀምሽውን ለአትክልትሽ አድርጊው» ብዬሽ ነበር። አጥፍቻለሁ፣ ዶት።

ፖስት ካርዱ ሞላ። ባልሽን ኬንንና ልጆቹን ሳሚልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ እመለሳለሁ። እስከዚያ ወንድሜ ኬቭ ማረሻውን ካወጣ፣ እባክሽ ሄደሽ አስቁሚልኝ።

ጎረቤትሽ ሌስ