ባና የለበሰው ፕሪንተር

ሚያዝያ 12

ከፋሲካ እረፍት ተመለስኩ። መሐል ሜዳ ከተማ እንደተውኳት ናት... ጉም፣ ብርድ፣ ጭቃ። ከራቤል እስከዚህ እናቴ የሰጠችኝን የበግ ጠጉር ባና ታቅፌ ነው የመጣሁት። አዲስ ነው፤ ገና የበግ ሽታው አልለቀቀውም። "ሌሊት ደርበው" ብላኝ ነበር። ቤት ሌላ ስላለኝ ይሄ ለቢሮ ይሁን ብዬ ወሰድኩት።

የትምህርት ቤቱ የአይሲቲ ክፍል ማለት እኔ ነኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ማባዣ፣ አንድ ሌዘር ፕሪንተር። ፕሪንተሩ ጠዋት ሲነሳ ያቃስታል። ብርዱ ነው፣ አቧራውም አለ። ስወጣ በባናው ግጥም አድርጌ ሸፈንኩት። ደስ አለኝ።

የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ አረጋሽ መወልወያቸውን ይዘው ገቡ።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ማሽኑን ብርድ እንዳይመታው ነው።"

"አዲስ ባና ጠጉሩ ይረግፋል ልጄ። ለሰው እንጂ ለዕቃ አይሆንም።"

ሳቅኩ። ዲግሪ ይዤ ስለ ማሽን ከእሳቸው ልማር? አፍ አውጥቼ አላልኩም። ግን አሰብኩት።

ሚያዝያ 16

ፕሪንተሩ ወረቀት ነክሶ ያዘ። የኋላውን ክዳን ከፍቼ ቀስ ብዬ ሳብኩት፤ እንዳይቀደድ። የቀለሙን ዕቃ፣ ቶነሩን፣ አውጥቼ ግራ ቀኝ ነቀነቅኩ። ወረቀቱን አራገብኩ፣ ጠርዙን አስተካከልኩ። አሥር ገጽ ያህል ሠራ። ከዚያ እንደገና ያዘ።

ሚያዝያ 20

ባሰበት። በሦስት ወረቀት አንዴ ይይዛል። አሁን ደግሞ ከላይ እስከ ታች ጥቁር መስመር ያወጣል። ቶነር ቀየርኩ፤ መስመሩ አለ። ወረቀቱ እርጥበት ጠጥቶ ይሆን? ካርቶኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አውጥቼ ስጠብቅ ጉም መጣ።

የፊዚክስ መምህሩ ምንይሉ ፈተናውን ሊያስወጣ መጥቶ ቆሞ ያየኛል። "ኢንጂነር፣ ጸበል ወስደህ አስጠምቀው እንጂ!" ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሆዴ ግን አልሳቀም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሞዴል ፈተና ነገ ነው። ዋናውን ቅጂ በፕሪንተር አውጥተን በማባዣ እናባዛለን። ዋናው ላይ ያለ መስመር ሁለት መቶ ወረቀት ላይ ይወርዳል ማለት ነው። ምንይሉ "ይነበባል?" አለኝ።

"ይነበባል" አልኩ። ሰዓቱ አልቆ ነበር።

ሚያዝያ 22

አልተነበበም።

መስመሩ አራተኛው ገጽ ላይ የመልስ ምርጫዎቹን ሰንጥቆ ነው የወረደው። አምስተኛው ገጽ ደግሞ ደብዝዞ የለም ማለት ይቻላል። ልጆቹ በግምት አክብበው ወጡ። ሲያለቅሱ የታዩም አሉ።

ከሰዓት ስብሰባ። ርዕሰ መምህሩ አቶ አፈወርቅ ወረቀቱን ከፍ አድርገው አሳዩ። "ባለሙያው ማብራሪያ ይስጥ።" አርባ ሰው ዞሮ አየኝ። ምክንያቱን አላውቀውም ነበር። "አላውቅም" ማለት ምን ነበረበት? ሁለት ቃል እንኳ አይሞላም...

ከአፌ የወጣው ሌላ ነው። "ወለሉ ሲወለወል ውሃ ይረጫል። ወረቀቱ ከጠረጴዛው ሥር ስለሆነ ይረጥባል።" እዚህ ላይ ባቆምስ። "ማሽኑንም በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጉታል" አልኩ።

አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ አይቼ አላውቅም።

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ለካ እትዬ አረጋሽ የሻይ ፔርሙስ ይዘው ቆመዋል። "ውይ በሞትኩት" አሉ።

ሚያዝያ 26

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣቸው ተባለ። አቶ አፈወርቅ አስጻፉኝ፤ ጻፍኩ። "በግዴለሽነት የመንግሥት ንብረት ላይ ጉዳት በማድረስ..." ፕሪንተሩ ደብዳቤውን ሁለቴ ነክሶ ያዘ። ሁለቴም ጎትቼ አወጣሁት። በሦስተኛው ወጣ።

እትዬ አረጋሽ ተጠርተው መጡ። መነጽር የላቸውም፤ ደቃቅ ፊደል አይታያቸውም። "አንተው አንብብልኝ" አሉኝ። አነበብኩላቸው። ድምፄን ዝቅ ሳደርግ "ከፍ አድርገው፣ አልሰማሁም" አሉ። ከፍ አድርጌ አነበብኩ።

"አንዴ ጠረጴዛውን ስጠርግ ጠርዙን ነክቼው ይሆናል" አሉ። "እኔ ምን አውቃለሁ። አንተ ካልክ ነው።" ፈረሙ።

ሚያዝያ 30

ዛሬ ምክንያቱን አገኘሁት። ባላገኘሁት።

ወረቀት የምትስበዋን ጎማ፣ ሮለሯን፣ ፈትቼ አወጣሁ። ጥቁርና ነጭ ጠጉር ተጠምጥሞባታል፤ እንዝርት ነው የምትመስለው። ለዚህ ነው ወረቀቱን ስታ የምትይዘው። ቀለሙን ወረቀት ላይ የሚያሳርፈውን የድራሙን ጠርዝ በስልኬ መብራት አየሁት። እዚያም አንድ ቀጭን ጠጉር ተወትፏል። መስመሩን የሚያሰምረው እሱ ነው። ሌላው ሁሉ እየተፈተለ ውስጥ ገብቶ ቀለሙን አግዶታል።

የበግ ጠጉር። የባናዬ ጠጉር! በየቀኑ አልብሼው፣ በየቀኑ ገፍፌው... እትዬ አረጋሽ በመጀመሪያው ቀን ነግረውኝ ነበር።

በደረቅ ጨርቅ ጠረግኩ፣ በመቆንጠጫ ለቀምኩ፣ መልሼ ገጠምኩ። ሃያ ገጽ አወጣሁ። አንድም አልያዘም። መስመር የለም። የለቀምኩትን ጠጉር ፖስታ ውስጥ ከተትኩት። ለምን? እንጃ። መጣል አቃተኝ። ባናውን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅኩና ቤቴ ገባሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ግንቦት 3

"ፈታኸው!" አለ ምንይሉ፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አቶ አፈወርቅም በመስኮት ብቅ ብለው "ባለሙያ እንዲህ ነው" አሉ። ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ "እርጥበት ነበር፣ ደረቀ" አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እትዬ አረጋሽ መጡ። "እሰይ! ከእኔ እጅ ተረፈ" አሉ። ከልባቸው ነው ደስ ያላቸው። መወልወያውን ትተውታል። ወለሉ ላይ ተንበርክከው፣ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ፣ ስንዝር በስንዝር ነው የሚጠርጉት። ውሃ እንዳይረጭ። ሲነሱ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ጠረጴዛውን ተደግፈው ነው። ማሽኑ አጠገብ ሲደርሱ እጃቸውን ይሰበስባሉ።

አየሁ። ዝም አልኩ። እኔም ሰው ነኝ?

ግንቦት 5

ዛሬም አልነገርኩም።

ግንቦት 10

ለቋሚ ቅጥር የሚወዳደሩ የኮንትራት ሠራተኞች ስም ወጣ። ዝርዝሩን ያተምኩት እኔ ነኝ። ፊደሉ ጥርት ብሎ፣ ጠቁሮ ወጣ። ሦስት ስም አለው። የእትዬ አረጋሽ የለም። ማስጠንቀቂያ ያለበት ሰው አይወዳደርም።

ስድስት ዓመት በኮንትራት ሠርተዋል። ይህን ቅጥር ስድስት ዓመት ጠብቀዋል። ኮንትራቱ ደግሞ ሰኔ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ቤታቸው ነው የሚውሉት።

ሰሌዳው ላይ ስለጥፈው መጡ። "ስሜ አለ?"

"የለም።"

"ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል፣ ሦስት ቀን አለ" አልኳቸው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

"አጥፍቼ ምን ብዬ አቀርባለሁ?" አሉና ባልዲያቸውን አንስተው ሄዱ።

ግንቦት 11

እናቴ ደወለች። "ባናው ይሞቃል?"

"ይሞቃል።"

አልጋው ሥር ነው ያለው። ወጥቶ አያውቅም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ጋ እያደር ጨለመ። የቅሬታው ጊዜ ነገ ያበቃል።

ግንቦት 12

ጠዋት ገባሁ። ጻፍኩ፣ አተምኩ፣ ፈረምኩ። ከፖስታው ጋር አቶ አፈወርቅ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ፖስታውን ሲከፍቱ ጠጉሩ ተበተነ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። "ፕሪንተር ባና አለበስክ? ዮፍታሄ፣ ባለሙያ እኮ ነህ!" ቀጥለው ደብዳቤዬን አነበቡ። ሳቃቸው ቆመ። "በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጉታል ያልከውስ?"

"አላየሁም። ዋሽቼ ነው።"

"ማስጠንቀቂያው ወደ አንተ ነው የሚዞረው። የዓመቱ የሥራ ምዘናህም ይወርዳል። ታውቃለህ?"

"ይዙር።"

የራሴን ማስጠንቀቂያ ራሴ ጻፍኩ፣ ራሴ አተምኩ። ከሰዓት የእትዬ አረጋሽ ስም በዝርዝሩ ላይ አራተኛ ሆኖ ገባ።

ግንቦት 13

ከሌላ ሳይሰሙ ብዬ በጠዋት ጠበቅኳቸው። ወለሉ ላይ ሊንበረከኩ ሲሉ "ይተዉት፣ ይቀመጡ" አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ባናው ነው?"

"አዎ።"

"ነግሬህ ነበር እኮ።"

"ነግረውኛል።"

"መቼ ነው ያወቅኸው?"

"ሚያዝያ ሠላሳ።"

በጣታቸው ቆጠሩ። "አሥራ ሦስት ቀን ስንበረከክ ታየኝ ነበር።" አልጮኹም። ቢጮኹብኝ እንዴት ጥሩ ነበር...

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። "ተነስ፣ ተነስ" አሉ። "የውድድሩስ ዕድል ተመለሰልኝ። ስሜን ማን ይመልስልኝ?" ደብዳቤውን በተቀበሉ ማግስት፣ ሚያዝያ ሃያ ሰባት፣ የመድኃኔ ዓለም ማኅበራቸው ነበር። ማኅበርተኛው ፊት ቆመው "የመንግሥት ዕቃ በእጄ ጠፋ፣ የልጆች ፈተና በእኔ ተበላሸ፣ ጸልዩልኝ" ብለዋል። ጎረቤታቸው ጌታነሽ ማኅበርተኛ ናት፤ ልጇ ሐሴት ተፈታኝ ነበረች። ከዚያ ቀን ወዲህ ጌታነሽ እግዜር ይማርሽ እንኳ አላለቻቸውም። ውሃ ሲቀዱ ፊቷን ታዞራለች።

"ደብዳቤው ለመሥሪያ ቤቱ ይበቃል" አሉ። "ማኅበሩ ደብዳቤ አያነብም። በሃያ ሰባት ና።"

"እመጣለሁ" አልኩ።

ግንቦት 19

ምንይሉ ወሬውን ሰምቷል። ኢንጂነር ብሎ አልጠራኝም። "ዮፍታሄ" ነው ያለኝ። ሳይቀልድ ፈተናውን አሳትሞ ሄደ። ቢቀልድብኝ ይሻል ነበር።

ግንቦት 24

ታመምኩ ብል? ራቤል ልሂድ? ማንም አይዘኝም... ማሰቡ ራሱ አሳፈረኝ። አሰብኩት ግን። እዚህ ማስታወሻዬ ላይም ልዋሽ?

ግንቦት 27

ሄድኩ።

የዛሬው የማኅበር ተራ የጌታነሽ ነው። ከሁሉም ቤት የእሷ ቤት! ሃያ ሰው ይሆናል፣ ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል። ጾም ስለሆነ ዳቦና ጠላ ብቻ ነው። እትዬ አረጋሽ በሩ አጠገብ ናቸው፣ ለብቻቸው። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ተነስተው "ይሄ ልጅ ቃል አለው" አሉና ተቀመጡ።

ቆምኩ። ማሽኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኩ። ስጠየቅ በእሳቸው ያላከክኩት እኔ ነኝ፤ አውቄ አሥራ ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ቶነር፣ ሮለር ምናምን አላልኩም። ምክንያት የፈለግኩ እንዳይመስል። ጌታነሽን አይቼ "የሐሴት ፈተና የተበላሸው በእኔ ነው" አልኩ።

ጌታነሽ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች። ቆይታ አስቀመጠችው፤ ሄዳ እትዬ አረጋሽ አጠገብ ቁጭ አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የሆነ ነገር አለቻቸው፤ አልሰማሁም። እትዬ አረጋሽ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ወደ እኔ አላዩም።

የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው፣ ሽማግሌ ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "የማን ልጅ ነህ?"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። የአባቴን ሳይሆን የራሴን ስም ለማዋረድ ነው ተዘጋጅቼ የሄድኩት።

"የባምላኩ። የራቤል።"

"ባምላኩን አውቀዋለሁ" አሉ። ጽዋው ደረሰኝ፤ ተቀብዬ ጠጣሁ።

ቤት ስገባ ወዲያው ራቤል ደወልኩ። አባቴ ከሰው ከሚሰሙ ከእኔ ይስሙ ብዬ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፣ ሳልቀንስ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "አባባ?" አልኩ።

"አለሁ" አሉ። "ሰው ፊት ነው የተናገርከው?"

"አዎ።"

"እሷም ባለችበት?"

"አዎ።"

"ተቀምጠህ ነው ቆመህ?"

"ቆሜ።"

"ሰው አሳፍረሃል፤ እኔንም አሳፍረኸኛል" አሉ። ከዚያ፣ "ቅዳሜ እመጣለሁ። ሴትዮዋ ቤት አብረን እንሄዳለን። እኔም ቆሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።"